የቱ ይቀድማል፣ ፍሬኑ ወይስ ቀለሙ?

ደሴ ላይ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ይህ ጥያቄ አንድ ቀን አይቀርለትም። ያለው ብር ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ፓራፋንጎው ዝጓል። የበሩ ጠርዝ ተላልጧል። ያገኘው ሰው ሁሉ "ይቺን መኪና ምነው አታስቀባትም?" ይለዋል። ፍሬኑ ደግሞ ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ነው የሚይዘው፤ ብቻ ይያዝ ተብሎ ይታለፋል። ቀለሙን መንገደኛው ሁሉ ያየዋል፣ ፍሬኑን ግን የሚያውቀው የሚረግጠው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ብሩ ወደ ባትላሜራና ወደ ቀለም ቀቢ ይሄዳል።

ይህን የምጽፈው ተቃራኒውን እንድታደርጉ ለመለመን ነው። ከልቤ ነው የምለምናችሁ። ሁለቱንም ሥራ ግቢያችን ውስጥ በገዛ እጄ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። መካኒክ አይደለሁም። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ የፊት ፍሬኗ ዲስክ (በፓድ የሚቆነጠጥ ክብ ብረት)፣ የኋላው ታምቡር (ከውስጡ በሸራ የሚያዝ ባዶ ከበሮ)፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የሌላት። እንዲህ ያለች መኪና ለሚማር ሰው ትመቻለች። ሁሉም ነገሯ በዓይን ይታያል፣ በቁልፍ ይፈታል።

ለምን መኪናህን ቤት ውስጥ መጠገን ጀመርክ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ብዙ ሱቅ ባዶውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነብኝ። ዕቃው ሲገኝ ዋጋው አይቀመስም፣ ጋራዥ ሲኬድ ወረፋው አያልቅም። ቢያንስ ጎማውን ፈትቼ ምኑ እንደተበላ በዓይኔ ልይ ብዬ ነው የጀመርኩት። ካዩ በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ መዝጋት ይከብዳል።

አሁን ስለ ቁልቁለቱ ላውራ። እኛ አገር ፍሬን ላይ የሚወድቀው ሸክም ከሜዳ አገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ። መሃላቸው የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ከፊት ጭነት የያዘ ሲኖትራክ፣ ከኋላ የቸኮለ ሚኒባስ፣ ከጎን ባጃጅ፣ ክረምት ከሆነ ጉም። ጉሙ የወረደ ቀን ከኮፋኖው ወዲያ ያለውን ነገር በግምት ነው የምትነዱት።

እስቲ እናስላው። መኪናዋ ከነሰዎቿ 1,100 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። 600 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ወደ 6.5 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና ሞተሩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ የቀረው ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ምንም ሳይቀነስ ሙሉው ሙቀት ቢሆን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያን ሁሉ እሳት የሚሸከሙት መዳፍ የማያክሉ ፓዶችና ሸራዎች ናቸው።

ውሃ ካነሳን አይቀር፣ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ባቄላው እዚህ ቶሎ አልበስል የሚለውም ለዚህ ነው። ይህን ያነሳሁት የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ያለውን ጉዳይ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። የፍሬን ዘይት ከአየሩ ላይ እርጥበት ይስባል። ዝም ብላ ቆማ የምትውል መኪና እንኳ ዘይቷ ቀስ እያለ ውሃ ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን መፍያው ከ205 ዲግሪ እንዳያንስ ነው ደረጃው የሚያስገድደው፣ ዶት 4 ደግሞ ከ230 ዲግሪ። የጠጣው ውሃ ከመቶ 3.7 ሲደርስ ግን ይህ ገደብ ለዶት 3 ወደ 140፣ ለዶት 4 ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል።

ዘይቱ ፈላ ማለት ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ተፈጠረ ማለት ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ እግራችሁ የሰጠው ኃይል ጎማው ጋ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናዋ ግን መንገዷን ትቀጥላለች። ፍሬን በጠሰ የተባለች መኪና በማግስቱ ስትመረመር ምንም የተበጠሰ ነገር የማይገኝበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው። የፈላው ዘይት ቀዝቅዞ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፔዳሉ ደህና ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ሰው ግን ተጎድቷል።

የኔ ሕግ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው። ርካሽ ሥራ ነው። ከአንድ ፓራፋንጎ ቀለም ጋር ስታነጻጽሩት ምንም አይደለም። ሲጎድል በሞተር ዘይት የሚሞላ ሰው አለ፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒዎች (ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጉትን ትንንሽ ጎማዎች) ያሳብጣቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ከሚገፋው ዋና ፓምፕ፣ ከማስተሩ፣ እስከ ጎማው ያለው ጎማ ነክ ነገር በሙሉ መቀየር አለበት።

አነዳዱም የጥገናው አካል ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት ነባር ሹፌሮች እውነታቸውን ነው። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ሐረጎን በዜሮ የሚወርድ ሰው ሳይ ሆዴ ይሸበራል። ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ፔዳሉን የሚያቀልለው ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ኃይል ነው፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ከረገጣችሁ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል።

ወደ ግቢው እንግባ።

ሥራው የሚጀምረው ከክሪኩ ነው። ደሴ ውስጥ ለጥ ያለ ግቢ ያለው ሰው የታደለ ነው፤ አብዛኛው ግቢ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ያዘነብላል። ከማንሳቴ በፊት መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ አደርጋለሁ። ማርሽ አስገባለሁ። የምሠራው ፊት ከሆነ የእጅ ፍሬኑን እስባለሁ፤ የእጅ ፍሬን የሚይዘው ኋላውን ስለሆነ ኋላ ስትሠሩ አይረዳችሁም፣ እንዲያውም ታምቡሩ እንዲወጣ መለቀቅ አለበት። የጎማውን ዳዶ ገና መሬት ላይ እያለች አላላዋለሁ። ከተነሳች በኋላ ክሪኩን ብቻ አምኜ ከሥር አልገባም። በጭራሽ። የብረት መደገፊያ ከሌላችሁ ወፍራምና ደረቅ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ደርድሩ። ብሎኬት ግን አታስቡት። ቤት የሚሠራበትን ብሎኬት ከመኪና ሥር የሚደግፍ ሰው በየሰፈሩ አያለሁ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ሲሰበር ቀስ ብሎ አይሰበርም።

የፊቱ ጎማ ሲወጣ የምታገኙት ዲስክና ፓድ ነው። ፓዱ አዲስ ሲሆን የሚበላው ክፍል 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ እኔ አልጠብቅም፣ እቀይረዋለሁ። ሜዳ አገር ላለ ሰው ትንሽ ቢታገስ ያስኬደዋል፤ ለእኛ ግን የሳሳ ፓድ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ዘይቱ ያሳልፋል፣ ያ ደግሞ ወደ ላይኛው ወሬ ይመልሰናል። ዲስኩን በጣት ዳስሱት። ጠርዙ ላይ ከንፈር ካወጣ ተበልቷል ማለት ነው። መጨረሻ መቅጠን የሚችልበት ልክ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፣ ዝገቱን ጠረግ አድርጋችሁ ፈልጉት።

ፓዶቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫናቸውን ካሊፐር ስትፈቱ በጎማ ቱቦው አታንጠልጥሉት፤ በሽቦ ከሞላው ላይ እሰሩት። ቱቦው ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ይቀደዳል። እንዲህ የሆነ ቱቦ ዘይቱን ወደ ጎማው ያስገባና አልመልስም ይላል፤ ፍሬኑን ለቃችሁም አንዱ ጎማ እንደተያዘ ይቀራል፣ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች፣ ከወረዳችሁ በኋላ አንዱ ቸርኬ ለብቻው ግሎ ታገኙታላችሁ። ይህን ምልክት ካያችሁ ፓድ ብቻ ቀይራችሁ አትለፉ። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖችም ሲደርቁ ተመሳሳይ ነገር ያመጣሉ። አጽድቶ ሙቀት የሚችል ቅባት መቀባት ነው። በጣም ትንሽ ሥራ ናት፣ ግን ጋራዥ ውስጥ በጥድፊያ ስትዘለል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ኋላ ያለው ታምቡር ሌላ ዓለም ነው። ሲከፈት ጥቁር አቧራ ይጠብቃችኋል። ይህን አቧራ በኮምፕሬሰር መንፋት ወይም በአፍ እፍ ማለት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በጣም ነው የምፈራው። በተለይ የድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀመጥና ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሆኖ ይመጣል። የሠራው ሰው ያን ጊዜ ምክንያቱን እንኳ አያስታውሰውም። ስለዚህ በሳሙና ውሃ አርጥቡት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን ላስቲክ ውስጥ ቋጥራችሁ ጣሉት። የለበሳችሁትን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡት። ይህን የምጽፈው በተለይ በየጋራዡ ለሚሠሩ ወጣት ረዳቶች ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ አቧራ ውስጥ የሚውሉት እነሱ ናቸው፣ ማንም አይነግራቸውም።

ከዚያ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሞላዎቹ ብዙ ናቸው፣ አቀማመጣቸው ያምታታል። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ እስክትገጥሙ ሌላውን ጎን አትክፈቱት፤ ግራ ሲገባችሁ ሄዳችሁ የምታዩት እሱን ነው። በሁለቱ ሸራዎች መሃል ከላይ ያለችው ትንሽ ፓምፕ ከጎሚኒዋ ሥር እርጥበት ካላት እያፈሰሰች ነው። ዘይት የነካው ሸራ ደግሞ አለቀለት። በቤንዚን አጥበን እናድርቀው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ላዩ ይደርቃል፣ ሲግል የጠጣውን ዘይት መልሶ ይተፋዋል። አንዱን ጎን ከቀየራችሁ ሌላውንም ቀይሩ፣ አለበለዚያ እርጥብ አስፋልት ላይ ስትረግጡ መኪናዋ ትዞራለች።

ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ላይ ሰው ያስፈልጋል። የእህቴ ልጅ ነው የሚረግጥልኝ። እሱ መሪው ጋ፣ እኔ ጎማው ጋ። "ርገጥ!" እላለሁ። "ረገጥኩ ጋሼ!" ይላል። ጎማው ጋ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን እከፍታለሁ፣ ዘይቱ ከነአረፋው በቀጭኑ ቱቦ ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል፣ እዘጋለሁ፣ "ልቀቅ!" እላለሁ። ቡሎኗ ሳትዘጋ ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ስለዚህ መደማመጥ ግድ ነው። ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፤ መሪያቸው ግራ በሆነ መኪኖቻችን ላይ መጀመሪያ የኋላው ቀኝ፣ ቀጥሎ የኋላው ግራ፣ ከዚያ የፊቱ ቀኝ፣ መጨረሻ የፊቱ ግራ። ላይ ያለው የዘይት ዕቃ እንዳይደርቅ በየመሃሉ ይታያል፣ ከደረቀ ሥራው እንደገና ከዜሮ ነው። ያረጀ ማስተር ያላት መኪና ከሆነች ደግሞ ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አስቀምጡ። ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ለዓመታት ያልነካው ጫፍ ዝጎ ሊሆን ይችላል፣ ወለል ድረስ ሲገፋ እዚያ ሄዶ ይቀደዳል። ደህና የነበረ ማስተር አየር በማስወጣት ቀን የሚሞተው በዚህ ነው።

ሲያልቅ ሞተር ሳይነሳ ፔዳሉ እስኪጠነክር ይረገጣል። ይህ ፓድ ብቻ ለቀየረ ሰውም ግዴታ ነው፤ ፓዱን የሚገፋው ፒስተን አዲሱ እንዲገባ ወደ ውስጥ ተገፍቷል፣ የመጀመሪያዎቹ እርግጫዎች ባዶ ናቸው። ሳይረግጥ ከግቢ የወጣ ሰው አጥር ላይ ነው የሚቆመው። ከዚያ ግቢ ውስጥ ወዲህ ወዲያ እሞክራታለሁ፣ ቀጥዬ ለጥ ወዳለ ቦታ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ በኩል እወስዳታለሁ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድኩ፣ ሙሉ በሙሉ ሳልቆም እስከ 10 ድረስ እቀንሳለሁ፣ እንድትቀዘቅዝ ትንሽ እነዳለሁ፣ እደግመዋለሁ። አዲስ ፓድ ከዲስኩ ጋር የሚላመደው እንዲህ ነው። አዲስ ፓድ ገጥሞ በዚያው ቀን ሐረጎን መውረድ አልወድም።

እጄን የምሰበስብበት ቦታም አለኝ። የብረቱን የፍሬን ቱቦ አልቀጥልም፣ አላስበይድም፤ የተበላ ከሆነ ጫፉ በመሣሪያ እንዲሰፋ ተደርጎ የተሠራ አዲስ ነው የሚገባው። ታምቡር ማስላጥ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው፣ እሱም ቢሆን እስከ የት ድረስ መላጥ እንደሚቻል ታምቡሩ ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ ካለፈ ይጣላል። ኤቢኤስ (ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ በኮምፒውተር የሚቆጣጠር ፍሬን) ያላቸውን አዳዲስ መኪኖች አልነካም። ደግሞም ሁሉን ጨርሼ ፔዳሉ ጠንክሮ እንኳ ከመውረዴ በፊት የማምነው አንድ መካኒክ እንዲያያት እወስዳታለሁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ ነው የጨረሱት። ከሥር ገብተው ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ይነካሉ፣ ይረግጣሉ፣ ከዚያ "አብሽር" ይሉኛል። ቤት ውስጥ መጠገን ማለት ከመካኒክ መራቅ አይመስለኝም። አሁን ከእሳቸው ጋር በደንብ እናወራለን፤ ድሮ የሚሉኝ ነገር ሁሉ ጫካ ነበር።

የዕቃ ነገር። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ኦርጂናል ነው። እኔ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት አሮጌውን ይዤ እሄዳለሁ፣ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የሸራው መጣበቂያ ጫፉ ላይ ክፍተት ካለው፣ ውፍረቱ ከዳር ዳር ካልተስተካከለ አልወስድም። ካልገጠመ እመልሳለሁ ብዬ አስቀድሜ እነግራለሁ። ይህን እሺ የሚል ባለሱቅ ካገኛችሁ ደንበኛው ሁኑ፣ ሁለት መቶ ብር ቢያስወድድም።

ወደ መኪናዋ ገላ፣ ወደ ቆርቆሮውና ቀለሙ፣ እንምጣ። እዚህ ላይ እፎይ ብዬ ነው የምጽፈው። የገላ ሥራ ቢበላሽ መልክ ነው የሚበላሸው፣ ተፍቆ እንደገና ይሠራል። ቤት ውስጥ ድፍረት መለማመድ የሚፈልግ ሰው ከዚህ ይጀምር፣ ከፍሬን አይጀምር።

ዝገት ከላይ አይጀምርም። የእኛን መኪኖች የሚበላቸው ጭቃ ነው። በልግና ክረምት የተለጠፈው ጭቃ ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ተጋግሮ ይቀራል፣ በጋ ሙሉ እርጥበቱን አቅፎ ይይዛል። በሮቹ ከታች ትንንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ በመስኮቱ የገባው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። አቧራ ሲደፍናቸው በሩ ውስጥ ውሃ ይተኛል። በአሮጌ ካቻቢቴ ቀዳዳዎቹን መክፈት ለባትላሜራ ከሚወጣው ብር ብዙውን ያስቀራል። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ መኪኖች ደግሞ የባሕሩ ጨው አለባቸው፣ ከሥር በደንብ መታጠብ አለባቸው። ክረምት ሲወጣ እኔ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ፓራፋንጎዎቹን ከውስጥ በውሃ መምታት ነው።

የዛገ ቦታ ላይ ስቱኮ መለጠፍ ዝገቱን መሸፈን ብቻ ነው። ሥር ሥሩን ይበላል፣ ከዓመት በኋላ ቀለሙ ያብጥና ከነስቱኮው ይረግፋል። ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ መፈቅፈቅ አለበት። ጎድጎድ ያለ ቦታ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መዶሻ ነው፤ ከኋላ ከባድ ብረት ተደግፎ፣ ከዳር ወደ መሃል፣ በቀስታ። መሃሉን የመታ ሰው ቆርቆሮውን ይለጥጠዋል፣ የተለጠጠ ቆርቆሮ ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም፣ በጣት ሲጫኑት ጧ ጧ ይላል። በመዶሻ በደንብ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጉድጓድ ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ስቱኮ የሚሞላው ይህን ያህል ብቻ ነው። ጣት የሚያክል ስቱኮ የተለበጠባቸው በሮች አይቻለሁ። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ዙሩት፤ ስቱኮው ወፍራም በሆነበት ቦታ ማግኔቱ አይዝም።

የደሴ ብርድ ስቱኮ ላይ ይፈርዳል። ስቱኮው ላይ የሚቀላቀለው ማድረቂያ ከመቶ 2 ገደማ ነው የሚገባው። ቶሎ እንዲደርቅልኝ ብላችሁ ስትጨምሩበት አረፋ ያወጣል፣ ከዚያም የማድረቂያው ቀይ ቀለም ከላይ በተቀባው ውስጥ ዘልቆ ይታያል። ስለዚህ ትዕግሥት ነው። እኛ ቤት ቅዳሜ ስሠራ ቡናው በዚያው ነው የሚፈላው፤ አቦሉ ሲጠጣ ስቱኮው ይለጠፋል፣ ቶናው ላይ አንዱ ጎረቤት ተነስቶ በጥፍሩ ይሞክረዋል፣ በረካው ሲያልቅ ብርጭቆ ወረቀቱ ይጀምራል። ሁሉም ሰው አስተያየት አለው። አንዷ እትዬ ዱዓዋን ጨርሳ "ይቺ ጋ ጎድጉዷል" አለችኝ፣ እውነቷንም ነበር፤ ከጎን ስታዩት ብርሃኑ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከጎን አየዋለሁ። በ80 ቁጥር ይጀመራል፣ በ180 ይስተካከላል፣ በ320 ይጨረሳል። በ600 በውሃ የሚፈቀፈቀው ዝገት መከላከያው ቀለም፣ አንቲረስት፣ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ነው። ወረቀቱን በባዶ እጅ አትያዙት፣ ለጥ ባለ እንጨት ላይ ጠቅልሉት፣ የጣታችሁ ቅርጽ ቆርቆሮው ላይ ይቀራልና።

ከዚያ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም። ስቱኮ ራሱ ውሃ ስለሚጠጣ ፈቅፍቆ ለሳምንት ክፍት መተው ልፋትን ገደል መክተት ነው፣ በተለይ ዝናብ ባለበት ወቅት። ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅሎ በኮምፕሬሰር የሚረጨውን ጠንካራ ቀለም ግን ግቢ ውስጥ አልረጭም። ማድረቂያው ውስጥ ያለው ኬሚካል አስም ያስይዛል፣ የጨርቅ ማስክ አያቆመውም፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ልጅ አለ፣ የተሰጣ ልብስ አለ፣ ጎረቤት አለ። ያን ለባለሙያው ትቻለሁ። ብየዳውንም እንደዚያው። የመኪና ቆርቆሮ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የማያውቅ ሰው ሲበይደው ወዲያው ይጣመማል። ብየዳ ስታስይዙ አብራችሁ ቁሙ፣ የባትሪው ገመድ መነቀሉን እዩ፣ ብየዳው አጠገብ የሚያልፍ የፍሬን ቱቦ ካለ አሳዩት። ቆርቆሮው ተሠርቶ ከጎኑ ያለው የጎማ ቱቦ ተለብልቦ የተመለሰ መኪና አይቻለሁ። ባለቤቱ ቀለሙን ሲያደንቅ ነበር።

ሁለቱን ሥራ በአንድ ሳምንት የሚሠራ ሰው ፍሬኑን ያስቀድም፤ አንዱ ምክንያት ይኸውና። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። አዲስ በተቀባ ኮፋኖ ላይ አንዲት ጠብታ ብትወርድ በጨርቅ አትፈትጓት፣ ወዲያው ብዙ ውሃ አፍስሱባት። ዘይቱ በውሃ ይታጠባል። ቀለሙ ገና ካልደረቀ ግን ውሃውም ላያድነው ይችላል።

ብሩ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ሰው ጋ ልመለስ። ለእሱ የምለው ይህን ነው፦ የበሩ ዝገት ፈቅፍቀኸው፣ አንቲረስት ቀብተኸው፣ ቀለሙ ሳይመሳሰል አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሰው ይስቅ ይሆናል። እኔም መኪናዬ ለብዙ ጊዜ አንድ ፓራፋንጎዋ ግራጫ ሆና ስትሄድ ነበር፣ ምንም አልሆነችም። ወለሉ፣ ወይም ሞላው የሚያርፍበት ቦታ ከዛገ ግን ያ መልክ አይደለም፤ ከፍሬኑ እኩል ይቆጠራል፣ ሳይውል ሳያድር ይሠራ። ካቻቢቴ ይዛችሁ ከሥር ገብታችሁ ወጋ ወጋ አድርጉት። ከገባ ችግር አለ።

በመጨረሻ የሚቀረው የተቀዳው አሮጌ ዘይት ነው። ብዙ ሰው ቦይ ውስጥ ይደፋዋል። የደሴ ቦይ ወደ ቦርከና ነው የሚሄደው፣ ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻን አልፎ ከብት የሚጠጣበት፣ ማሳ የሚያጠጣ ወንዝ ነው። ሃይላንድ ውስጥ ቀድቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥም አደገኛ ነው፤ መልኩ ሻይ ይመስላል፣ ልጅ ይጠጣዋል፣ መርዝ ነው። እኔ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅማለሁ። ላዩ ላይ በትልቁ "ፍሬን ዘይት" ብዬ ጽፌበታለሁ። ሲሞላ ከሞተር ዘይት ጋር ሳይቀላቀል አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ እሰጠዋለሁ። እናንተም በየከተማችሁ የሚቀበል ጋራዥ ጠይቁ፤ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፣ ምክንያቱም ዘይቱ ከተቀዳ በኋላ ሁሉም ሰው ድካሙ ይመጣና ወደ ቦዩ ያያል።